በእሱ ስም የተጻፉ ፋይሎች

ዲስኩን ይዘው የመጡት አብሮኝ ይሠራ የነበረው ልጅ እናት ናቸው። ከመርሳ በማለዳው ሚኒባስ ወልድያ ገብተው፣ ከመናኸሪያ እስከ ቢሮአችን በባጃጅ መጥተው፣ ጥበቃውን ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁት። ጥበቃው እኔ ዘንድ ላካቸው። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ ገና ምንም ሳይናገሩ ማን እንደሆኑ አወቅኩ። ግንባራቸው የእሱ ግንባር ነበር። ሲያዳምጡ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል የሚያደርጉትም እንደ እሱ ነው።

ከሻርፓቸው ስር አንድ ጥቅል አወጡ። ላዩ ፌስታል፣ ውስጡ አሮጌ ሽርጥ ነበር። ስፈታው የማሽላ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ከሽርጡ እጥፋት ጥቂት ፍሬዎች ጠረጴዛዬ ላይ ረገፉ። ውስጡ ያለው ከጦርነቱ በፊት የነበረው የሰርቨራችን ዲስክ ነበር። እሱ በገዛ እጁ «አይነካ» ብሎ የጻፈበት ነጭ ፕላስተር እንደተለጠፈ ነው።

«ሲመጡ ስጪያቸው ብሎኝ ነበር» አሉኝ። «ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም።»

ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ ዲስኩ ከሌላው ዕቃ ጋር የተዘረፈ ነበር የሚመስላቸው። እሱ እንደወሰደው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እያወቅኩ፣ መርሳ ወርጄ እናቱን ለመጠየቅ አንድም ቀን አልተነሳሁም።

የምሠራበት ቢሮ የአካባቢውን ሰነድ የሚሰበስብ አነስተኛ ማኅበር ነው። ሐብሩ ገጠር፣ ሐራ፣ ሲሪንቃ እየሄድን ሰዎች ቤት ያለውን አሮጌ ፎቶና የመሬት ወረቀት እናነሳለን፤ ሽማግሌዎች ስለ መንደራቸው የሚያውቁትን በድምፅ እንቀዳለን። እሱ ሰርቨሩን ይይዝ ነበር፣ እኔ ፕሮግራሞቹን። አራት ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሠርተናል። ዝምተኛ ነበር። ያገኘው ነገር ሁሉ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል፤ ገመዱ ላይ፣ ቁልፉ ላይ፣ አንድ ጊዜ የእኔ የሻይ ብርጭቆ ላይ እንኳ። ከመርሳ ሲመለስ ፓፓያ ይዞ ይመጣና በወረቀት መቁረጫው ቢላ ይከፍለዋል።

የተለያየንበት ቀን የተኩሱ ድምፅ ለከተማው ቀርቦ ነበር። ኃላፊያችን ሁላችንም ወደየቤተሰባችን እንድንሄድ ነገሩን። እኔ በእህቴ ባል መኪና ወደ ደሴ ልወጣ ቦታ ተይዞልኛል። እሱ ሰርቨሩን ከፍቶ ዲስኩን ፈታና በሩ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

«ያዢው» አለኝ። «የምትርቂው አንቺ ነሽ። እኔ መርሳ ነው የምሄደው፤ መርሳ ደግሞ መንገዱ ላይ ናት።»

እምቢ አልኩት። ፍተሻ ላይ ምንድን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ አልኩ። በመኪናው ውስጥ ልጆች አሉ አልኩ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ግን እምቢ ያልኩት ስለፈራሁ ነው። አልተቆጣም። ዲስኩን ትከሻው ላይ በሚያንጠለጥለው ቦርሳ ከተተና በእግሩ ሄደ።

እኛ የወጣነው ከሰዓት በኋላ ነበር። መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቶ ስለነበር መኪናው እየቆመ ይሄዳል። ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል በመስኮት አየሁት። ከአንዲት አህያ ከምትነዳ ሴትዮ ኋላ፣ ቦርሳውን በክንዱ ስር አቅፎ ይሄዳል። እሱም አየኝ። እጁን አነሳ፤ እኔም አነሳሁ። መኪናው ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ቁሙልኝ ብዬ ለመጠየቅ ግን አፌን እንኳ አልከፈትኩም።

ቤቱ ደርሷል። ዲስኩን ጎተራ ውስጥ ከማሽላው ስር ቀብሮ፣ ለእናቱ አደራ ብሎ፣ ጥቂት ሳምንት ከወላጆቹ ጋር ቆየ። አባቱ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። መድኃኒታቸው ሲያልቅ ሊፈልግላቸው ወጣ፤ በዚያው አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም። ይህን ሁሉ እናቱ የነገሩኝ በዚያው ቀን፣ ጠረጴዛዬ ላይ የረገፈውን ማሽላ አንድ በአንድ እየለቀሙ መዳፋቸው ውስጥ እያስገቡ ነው።

ሊሄዱ ሲነሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ስልኩን ይዞት ነው የጠፋው፤ ቤት ውስጥ ድምፁ የለም። ከዚህ ዕቃ ውስጥ ድምፁ ይገኝ ይሆን ወይ አሉኝ። እፈልጋለሁ አልኳቸው፤ የጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር ጽፌ ያዝኩ።

ዲስኩ ተነበበ። ያ ሁሉ ወር ጎተራ ውስጥ ከርሞ አንድም ፋይል አልተበላሸም። የእሱ ድምፅ ያለበትን ሳገኝ፣ ያገኘሁት ረስቼው የነበረ ቦታ ላይ ነው። ሲሪንቃ አንድ ገበሬ ልንቀዳ ሄደን ማይክሮፎኑን የሞከረበት ነበር። ነፋሱ ይሰማል። «ይሄ ሙከራ ነው። ሲሪንቃ ነን። ሰውየው በሬዎቹን እስኪያስገቡ እየጠበቅን ነው» ይላል። ቀጥሎ የሴት ድምፅ ይመጣል። «ዝጋው፤ ባትሪ ትጨርሳለህ» ትላለች። እሱ ይስቃል፣ ይቆረጣል።

ሴቲቱ እኔ ነኝ።

በዚያን ጊዜ ቢሮው በእርዳታ ያገኛቸው ሦስት ያገለገሉ ሰርቨሮች ነበሩን። ሦስቱን አንድ ላይ አያይዤ ክላስተር አድርጌያቸው ነበር። ፕሮግራሞቹ የሚኖሩት ኮንቴይነር በምንለው የየራሳቸው ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ማሽን ሲጠፋ ክላስተሩ በላዩ የነበረውን ኮንቴይነር ማንም ሳያዘው በሌላው ማሽን ላይ ያስነሳዋል። መብራት እንደ ልቡ በሚመላለስበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክፋቱ ኮንቴይነር ሲዛወር ዕቃውን ይዞ አይሄድም። ፋይሎቹን በነበረበት ማሽን ላይ ትቶ፣ ባዶ እጁን አዲሱ ቦታ ላይ ይነሳል። ለዚህ ነው ሦስቱም ማሽኖች በኔትወርክ የሚደርሱበት አንድ የጋራ ማከማቻ የሚያስፈልገው። ይህን አውቅ ነበር። ነገ እሠራዋለሁ እያልኩ ሳምንታት አሳልፌ፣ ፎቶና ድምፅ የሚያሳየውን ፕሮግራም ያለ ማከማቻው አስነስቼው ነበር።

እናቱን ያስጠራኋቸው በዚያ ሁኔታ ላይ እያለን ነው። መጡ፤ አጠገቤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው፤ ድምፁን ከፈትኩ። እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀሱ ሰሙ። አላለቀሱም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

«ይቺ ዝጋው የምትል ማናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ታውቂው ኖሯል።»

አብረን እንሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። ሌላውን አልነገርኳቸውም። ድገሚልኝ አሉ። ነካሁት፤ ስክሪኑ ላይ ፋይሉ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ገጹን እንደገና ከፈትኩት፤ ስሙ ተመልሶ ተደርድሯል። ልነካው ስል ደግሞ ጠፋ። እንዲህ አራት አምስት ጊዜ ሆነ። ነገሩን ወዲያው ተረድቼዋለሁ፤ ፕሮግራሙ በሁለት ማሽን ላይ በሁለት ኮንቴይነር ነው የሚሠራው፣ ድምፁን ያስገባሁት ግን አንደኛው ዘንድ ብቻ ነበር። ጥያቄያችን ወደዚያኛው ሲደርስ አለ፣ ወደዚህኛው ሲደርስ የለም። ይህን ለአንዲት ልጃቸውን ላጡ እናት እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ግን አላወቅኩም።

እሳቸው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ይመጣል፣ ይሄዳል ማለት ነው» አሉ።

«አዎ እናቴ። የእኔ ጥፋት ነው፤ አስተካክለዋለሁ።»

«በሕልሜም እንደዚሁ ነው» አሉና ተነሡ።

ከዲስኩ ላይ በቀጥታ ላሰማዎት ብዬ ተማጸንኳቸው። ተይው፣ ደህና አድርገሽ ስትይዢው ጥሪኝ አሉኝ። ጥበቃው ባጃጅ አስቆመላቸው። ከፎቅ ሆኜ እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው።

በማግስቱ ማከማቻውን መሥራት ጀመርኩ። ከሦስቱ ማሽኖች ዲስክ የሚበዛላትን መረጥኩ። ሁለት ዲስክ አስገብቼ አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን አደረግኩ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። ከዚያ በላያቸው አንድ ፎልደር ከፍቼ ለሌሎቹ ሁለት ማሽኖች በኔትወርክ አጋራሁት። ለክላስተሩም፣ ይህ ፕሮግራም የትኛውም ማሽን ላይ ቢነሳ ፋይሎቹን ከዚህ ፎልደር እንዲያነብ፣ አዲስም ሲመጣ እዚሁ እንዲጽፍ ነገርኩት። ከእሱ ዲስክ ላይ ያለውንም ሁሉ፣ ከነተጠቃሚዎቹ ዝርዝር፣ ወደ ማከማቻዋ ማሽን መለስኩት።

መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ መጻፍ አልቻለም፤ ማከማቻው ፈቃድ የለህም እያለ ይመልሰዋል። ለሁለት ቀን ታገልኩት። በመጨረሻ ፕሮግራሙ በእኔ የተጠቃሚ ቁጥር እንዲጽፍ ሳደርገው፣ ማከማቻው ምንም ሳያንገራግር ተቀበለ። ለምን እንደተቀበለ አልጠየቅኩም። ደክሞኝ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከሐራ የመጡ ፎቶዎች ነበሩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ እነሱን ሳስገባ ዋልኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ማከማቻዋ ማሽን ላይ ገብቼ ፋይሎቹን ዘረዘርኳቸው። በእያንዳንዱ ፋይል መስመር ላይ የጻፈው ሰው ስምና የተጻፈበት ሰዓት ይታያል። ከላይ ያለው ከሩብ ሰዓት በፊት የተጻፈ ነበር። ስሙ የእሱ ነው። ቀጣዩም የእሱ ነው፤ የትናንቱም፣ የትናንት በስቲያውም። ከሐራ የመጡትን ፎቶዎች ሁሉ፣ እኔ በእጄ ያስገባኋቸውን፣ እሱ ነው የጻፋቸው።

ከኋላዬ ያለው የእሱ ወንበር የነበረበት ቦታ ነው፤ ዞር ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። እንደምንም ተነሥቼ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ፀሐይ ነበረ፤ ባጃጆች ይጮኻሉ፤ አንድ ሰው በጋሪ ሲሚንቶ ይጭናል። ጥበቃው ከታች አይቶኝ አሞሽ እንዴ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ያን ቀን ጠዋት፣ አንድ አፍታ፣ በሕይወት አለ ብዬ አመንኩ። የሆነ ቦታ ተቀምጦ ወደ ማሽናችን እየገባ ነው ብዬ። ለእናቱ ልደውል ስልኬን አውጥቼ ነበር።

መልሼ ከተትኩት። ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ ተገለጠልኝ። ማሽኖቹ ሰውን በስም አያውቁም፤ በቁጥር ነው የሚያውቁት። ቁጥሩን ደግሞ በተመዘገቡበት ተራ ነው የሚሰጡት። በሁሉም ማሽን ላይ አንደኛው ኃላፊያችን ናቸው። በድሮው ሰርቨር ላይ ሁለተኛው ተመዝጋቢ እሱ ነበር፣ ሦስተኛዋ እኔ። አዲሶቹን ማሽኖች ሳዘጋጅ እሱ ስላልነበረ እኔ ሁለተኛ ሆንኩ። በእሱ ቁጥር ተቀመጥኩ። ማከማቻዋ ማሽን የድሮውን ዝርዝር ስለያዘች፣ እኔ የጻፍኩትን ሁሉ ቁጥሩን እያየች በእሱ ስም መዘገበችው። ማከማቻው ያለ ምንም ማንገራገር የፈቀደልኝም ለዚህ ነው። የፈቀደው ለእሱ ነበር።

ማስረዳቱ ፍርሃቴን አልወሰደልኝም። እንዲያውም መንፈስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱ ስለሌለ አንድ ተራ ወደ ላይ ከፍ ማለቴን፣ በቦታው ገብቼ መሥራቴን፣ ማሽኗ በደረቁ ጽፋ እያሳየችኝ ነበር።

ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። ቅን ሰው ናቸው፤ ቀላሉን መንገድ ነገሩኝ። የሌለ ሰው አካውንት ምን ያደርግልናል፣ ስሙን ሰርዢውና ነገሩ ይብቃ አሉ። አልሰርዝም አልኳቸው። ስሙ ቢሰረዝ እሱ የሠራቸው ፋይሎች ላይ ባለቤት የሌለው ቁጥር ብቻ ይቀራል፤ ነገ የሚመዘገብ ሰው ሳያውቅ ያን ቁጥር ይወስደዋል። ይህ የሙያ ምክንያት ነው፤ ትክክልም ነው። ያልነገርኳቸው ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። ኃላፊው ትንሽ አዩኝና፣ እንዳልሽ አድርጊ አሉ።

አንድ ሙሉ ቀን ወሰደብኝ። በሌሎቹ ሁለት ማሽኖች ላይ ራሴን ወደ ሦስተኛው ቁጥር መለስኩ። ፕሮግራሙ በማንም ሰው ስም እንዳይጽፍ የራሱን ቁጥር ሰጠሁት። ከሐራ የመጡትን ፎቶዎች ባለቤትነት ከእሱ ላይ አንሥቼ ወደ ፕሮግራሙ አዛወርኩ፤ የእሱን የድሮ ፋይሎች እንዳሉ ተውኳቸው። የእሱን አካውንት ማንም እንዳይገባበት ዘጋሁት፣ ስሙ ግን በሁለተኛው ተራ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ለሙከራ ፕሮግራሙ ከሚሠራባቸው ማሽኖች የአንዱን ገመድ ነቀልኩ። ኮንቴይነሩ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በሌላኛው ላይ ተነሣ። ድምፁን ከፈትኩ፤ አለ። ደጋግሜ ከፈትኩ፤ ሁልጊዜ አለ። ዝጋው ስል ራሴን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አላውቅም።

ወደ ጎረቤታቸው ስልክ ብደውል አላገኘኋቸውም። ሳምንት ጠብቄ ራሴ መርሳ ወረድኩ። ከመርሳ ቤታቸው በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ በመስኖ ዳር ባለ የሽንኩርት ማሳ አጠገብ ያልፋል። እናቱን በግቢው ውስጥ እንስሳ ውኃ እያጠጡ አገኘኋቸው። ባልዲውን አስቀምጠው፣ ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ በዛፍ ጥላ ስር አስቀመጡኝ። ድምፁ ከእንግዲህ እንደማይጠፋ ነገርኳቸው። ከዚያ ለመመለስ ተነሥቼ ነበር፤ መልሼ ተቀመጥኩ።

«እናቴ፣ ዲስኩን መጀመሪያ ያዢው ያለው እኔን ነበር» አልኳቸው። «እምቢ አልኩት። ፈርቼ ነው።»

እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ።

«ነግሮኛል» አሉ። «አንዲት ልጅ ፈራች አለኝ። አንቺ መሆንሽን ግን አላወቅኩም ነበር።»

ሻርፓቸውን ወደ ፊት ሳቡት። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፣ አልወቀሱኝምም። እኔም ሌላ ቃል አልጠየቅኩም።

ድምፁን በስልኬ ይዤው ነበር፤ ትቼላችሁ ልሂድ አልኳቸው። እጃቸውን አወዛወዙ። «እዚህ ቤት አይሰማም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ አስከሬን በሌለበት የሙት ስግደት ሲሰገድለት፣ አባቱ ከቤት አልወጡም። ልጄ አልሞተም ይላሉ። ድምፁን ከሰሙ፣ ይኸው አላልኳችሁም ወይ ነው የሚሉት አሉኝ።

አባቱ ከቤት ወጥተው ያዩኝ ይህን እያወራን ነው። ዱላቸውን ተደግፈው ቀረቡ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። እናትየው ከወልድያ፣ ከቢሮው የመጣች ናት አሏቸው።

«ከእሱ ጋር ነው የምትሠሪው?» አሉኝ። «ሥራ በዝቶበት ነው?»

እናትየው መሬቱን ያያሉ። ሞቷል ማለት የእኔ አይደለም፤ አለ ማለትም ውሸት ነው።

«ስሙ እኛ ዘንድ አለ አባቴ» አልኳቸው። «በቦታው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ስሙ ካለ ደግ ነው።»

ወደ መርሳ ስመለስ ሽንኩርቱን የሚነቅሉ ሰዎች ሰላም አሉኝ፤ መልስ መስጠቴን አላስታውስም። እስከ ዛሬ ያን መልስ ለምን እንደሰጠሁ ራሴን እጠይቃለሁ። እውነት ነው የተናገርኩት፤ ሰውን በእውነት ማታለል እንደሚቻል ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ እናትየው ወልድያ ጉዳይ ሲኖራቸው ይመጣሉ። ድምፁን ሁለት ጊዜ ይሰማሉ፤ ሁለተኛው መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ብዙ አናወራም።

ባለፈው ክረምት መውጫ አባቱ አብረዋቸው መጡ። ደረጃውን አልወጣም ብለው ከታች ጥበቃው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እናትየው ድምፁን ሰምተው ሲወርዱ እንሂድ አሏቸው፤ እሳቸው ግን ቆዪ አሉ። ሠራተኛው በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው ብለው ጥበቃውን ጠይቀውት ኖሯል። ለምሳ እስክንወጣ ጠበቁ። እኛ አንድ በአንድ ስንወርድ የእያንዳንዱን ፊት ያያሉ፤ ኃላፊውን፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን፣ ሁላችንንም። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። በሩን ቆለፍኩ።

«ሌላ በር የለውም?» አሉኝ።

«የለውም አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እናትየው ክንዳቸውን ያዙላቸው፤ ሁለቱ ወደ መናኸሪያ በእግራቸው ሄዱ።